ዋጋውን እንዳትረሳ

ደብዳቤ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ገና ቁጭ ከማለቱ «ሰላምታውን አንተው ታውቀዋለህ» ይለኛል። ሰላምታውን ለእኔ ትቶ በቀጥታ ወደ ብሩ ይገባል። የብሩን ጉዳይ ሲጨርስ ደግሞ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ አገሩ ሁኔታ ይጀምራል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ማመልከቻና ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት ይህንኑ ቅደም ተከተል እየሰማሁ ነው። ሙያው በእጅ ጽሕፈት ማማር ወይም በታይፕ ፍጥነት የሚለካ የሚመስለው ብዙ ነው። እጅ ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት የሚመስል፣ ግን ባለጉዳይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ጸሐፊ አውቃለሁ። ፈተናው ያለው ብሩና የአገሩ ሁኔታ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። እዚያ ላይ የተነገረውን ሁሉ የሚጽፍ ባለጉዳዩን ያስይዘዋል፤ ሁሉን የሚተው ደግሞ ባዶ ወረቀት ይልካል።

ጀማሪ ጸሐፊ ሰላምታን ይንቃል። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን» የሚለው በነገሥታቱ ደብዳቤዎች ሳይቀር የሚገኝ የቆየ አገባብ ስለሆነ ማንም በቃሉ ይወጣዋል። ሥራው የሚጀምረው ስሞቹ ጋ ሲደረስ ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሙስሊም አጎትና ክርስቲያን አክስት መኖራቸው ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ለአንዱ «አሰላሙ ዐለይኩም»፣ ለሌላዋ «የእግዚአብሔር ሰላም» በአንድ ወረቀት ላይ ተከታትለው ይሰፍራሉ። ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል የሚወስነው ባለጉዳዩ ነው፤ ጸሐፊ እዚያ ውስጥ እጁን አያስገባም። «ሰላም በይልኝ» የተባለ ሁሉ ከሚላከው ብር ቀንጨብ ተደርጎ እንዲደርሰው ይጠብቃልና። ስሙ የተዘለለ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ዘንድሮ የሚደርሰው የለም። «ዛሬስ ሰላምታውን አሳጥረው» ያለኝ ሰው ኪሱ መሳሳቱን ነግሮኛል፤ ሌላ ማብራሪያ አልጠይቀውም።

የገንዘቡ መስመር ግን ቀልድ አያውቅም። ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል፣ መጨረሻው ላይ «ብቻ» ይታከልበታል፦ «ሁለት መቶ (200) ብር ብቻ»። «ብቻ» ከሌለች ለሚቀጥል እጅ ቦታ ተተወለት ማለት ነው። ብሩን የያዘው ሰው ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በየትኛው መኪና እንደተሳፈረ፣ ሲቀበል ማን እንዳየ ሁሉ ይገባል። ተሸካሚው አጠገባችን ካለ ያንን ክፍል ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሐቀኛ ሰው ይህን ይወደዋል፤ ነገ ሐሜት ቢነሳ ወረቀቱ ለእርሱም ይመሰክርለታል። የሚያኮርፈውን ግን ባለጉዳዩ ልብ እንዲለው በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ።

ይህ ልማድ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ መሬት የሸጠና የገዛ ሰው ውሉን የሚያስጽፈው በቤተ ክርስቲያን ብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እንዲህ ያሉትን ማስታወሻዎች ከየአድባራቱ መጻሕፍት እየለቀመ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው ይነገራል፤ ዋሱና ምስክሮቹ በስም ይደረደራሉ። እኛም ደጅ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የገዳሙን ንብረት የሚዘረዝር ማስታወሻ ይዟል። በጎንደሩ ውሎች ውስጥ እኔን የሚይዘኝ የቀኑ አጻጻፍ ነው። ጊዜው የሚታወቀው በነገሠው ንጉሥ፣ በተሾመው ራስና በየሹሙ ስም ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አንዲት ቁራሽ መሬት ሲዋዋሉ፣ ያኔ አገሩ በማን እጅ እንደነበረ ሳያስቡት ጽፈው ሄደዋል። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ንጉሥ ኢዮአስን አስገድሎ የፈለገውን ባነገሠበት ዘመን፣ «በእገሌ ራስነት» ብሎ መጻፍ ጣጣ እንደነበረው ለመገመት ጸሐፊ መሆን በቂ ነው።

እንግዲህ የእኔ እምነት ይህ ነው፦ በክፉ ዘመን የተጻፈ የቤተሰብ ደብዳቤ ውስጥ ፖለቲካው ያለው በዋጋው ውስጥ ነው። «ሁኔታው ከፍቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግርም፤ ከዚያም በላይ ያስጠይቃል። የበሬ ዋጋ ግን ማንንም አያስጠይቅም።

ሥራውን በጀመርኩበት በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ብዙ ደብዳቤ የሚሄደው ወደ አሰብ ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የወሎን ልጅ ወደ ወደቡና ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ሲያጓጉዝ ኖሯል። ብሔራዊ ውትድርናው ጎረምሳውን እያፈሰ፣ ጦርነቱ ከሰሜን እየቀረበ ነበር፤ ፖስታ ይከፈታል የሚለውን ፍርሃት ደግሞ ያልያዘ ሰው አልነበረም። አንዲት እናት ልጃቸው ለአረፋ ወደ ቤት ልምጣ ብሎ ስለጻፈ «እንዳይመጣ በልልኝ፣ ግን አትምጣ ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ። ሲነግሩኝ የዋሉት ብዙ ነበር፦ ወታደሩ፣ አፈሳው፣ ገጠሩ መራቡ። ተጽፎ የሄደው ይህን ይመስላል፦

«ልጄ ሆይ፣ ጤፉ ካለፈው ዓመት እጥፍ ገብቷል። አባትህ ቦራውን በሬ ሐይቅ ገበያ አውጥቶት ገዢ አጥቶ መለሰው። ዶሮና እንቁላል ከገበያ ጠፍቷል፣ ቢገኝም የሚቀመስ አይደለም። የአጎትህ ልጅ ለገበያ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰምና አንተ ሥራህን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። አብሽር፣ እኛ ደህና ነን።»

ልጁ ያገሩ ልጅ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። እህል ሲወደድና በሬ ሲረክስ ገጠሩ የሚሸጠውን ሁሉ አውጥቶ እየሸጠ ነው ማለት ነው። ዶሮና እንቁላል ከከተማ ሲጠፋ ብዙ ጦር በአቅራቢያ ሰፍሯል ማለት ነው። ለገበያ ወጥቶ ያልተመለሰው ጎረምሳ የት እንደገባ ለማንም ግልጽ ነበር። ደሴ በግንቦት 1983 በኢሕአዴግ እጅ እስክትገባ ድረስ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስጽፍ ከርሜአለሁ። ደብዳቤው ቢከፈት ኖሮ የሚያነበው ሰው የሚያገኘው የአንዲት ባልቴት የገበያ ሮሮ ነው።

አንድ ዋጋ ብቻ መጻፍ ግን አይበቃም። ይህን ከገበያ የተማርኩት ቢሆንም ቆይቼ በመጽሐፍም አግኝቼዋለሁ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ፣ በተለይም ለ1965ቱ የወሎ ረሃብ ሰጥቶታል። ያየው የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ ነው። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው አዝመራው ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ ወይም በርካሽ ሄዶ መግዣ አጣ፤ መግዣ ከሌለ ደግሞ ነጋዴ ዋጋ የሚሰቅልበት ምክንያት የለውም። በዚያ ዓመት «የእህሉ ዋጋ ደህና ነው» ብሎ ለልጁ የጻፈ አባት ቢኖር አልዋሸም፣ ግን ልጁን አሳስቶታል። የሚገዛውም የሚሸጠውም ዋጋ ጎን ለጎን ካልተጻፈ ደብዳቤው አንድ ዓይና ነው። ከእኔ ጋር ሥራ ለጀመሩ ልጆች የማስተምረው ትልቁ ነገር ይኼው ነው፤ የቀረውን ታይፑ ያስተምራቸዋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ አቢጌል አዳምስ የተባለችው ሴት እርሻውንና ልጆቹን ይዛ ቦስተን አጠገብ ቀርታ፣ ባሏ ጆን አዳምስ ፊላደልፊያ ጉባኤ ላይ ነበር። እርሱ በኋላ ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆኗል። ደብዳቤዎቻቸው ተርፈው ታትመዋል። እርሷ የምትጽፍለት ስለ ዕቃ መወደድ፣ ስለ ወረቀት ገንዘቡ መርከስ፣ ስለ ሠራተኛ መጥፋት ነው። በሐምሌ 1777 እ.ኤ.አ. የጻፈችውን ግን የኛ አገር ሰው በተለይ ይረዳታል፦ አንድ ሀብታም ነጋዴ ቡና መጋዘን ቆልፎ በውድ ካልሆነ አልሸጥም ቢል፣ መቶ የሚሆኑ የቦስተን ሴቶች ጋሪ እየገፉ ሄደው ሰውየውን አንገቱን ይዘው ጋሪው ላይ ጣሉት፣ ቁልፉን ተቀብለው ቡናውን ጭነው ሄዱ፤ ወንዶቹ ቆመው ያዩ ነበር። የአብዮቱን ሁኔታ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምን አለ? በኋላ ባሏ ለመልእክተኛነት አውሮፓ ሲሄድ ከዚያ የሚልክላትን መሐረብና ጨርቃ ጨርቅ እየሸጠች ቤቱን አቁማዋለች። ከጂዳ ሻርፕና ሽቶ የሚልኩ ልጆች ያሏቸው የደሴ እናቶች ይህን ሲሰሙ «እሷም የኛ ናት» ማለታቸው አይቀርም።

ደብዳቤ የመጠለፍ ነገርም እነርሱ ዘንድ ነበር። በ1775 እ.ኤ.አ. ጆን አዳምስ ለሚስቱና ለወዳጁ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እንግሊዞች ይዘው ጋዜጣ ላይ አወጡበት። ቪየና ውስጥ ደግሞ ሥራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረው፤ የውጭ አገር ዲፕሎማቶችን ፖስታ ማለዳ ተቀብሎ፣ ማኅተሙን ሳያበላሽ ከፍቶ፣ ቀድቶ፣ መልሶ አሽጎ እዚያው ጠዋት ለባለቤቱ ያደርሰው ነበር። በዚያ ዘመን ኦስትሪያን ትገዛ የነበረችው ማሪያ ትሬዛ ናት። አዎን፣ ያችው የጠገራ ብሯ እመቤት። ብሯ እርሷ በሞተችበት በ1780 እ.ኤ.አ. ቆሞ፣ 28 ግራም ገደማ እየመዘነ፣ ከሞተችም በኋላ እየተመታ አገራችን ገብቶ ከአሞሌው ጎን ሲገበያዩበት ኖሯል፤ አንጥረኛውም አቅልጦ የአንገትና የእጅ ጌጥ ሠርቶበታል። የወሎ ነጋዴ ያንን ብር ሲቀበል በሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ጠብጣቦች ጥፍሩን አሳልፎ እየዳሰሰ ነበር። እርሷ የሰው ደብዳቤ ታስነብብ እንደነበር የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ጠገራ ብርን ካነሳሁ አይቀር፣ የውርስ ጉዳይ የያዘ ሰው ያያቱን ደብዳቤ እንዳነብለት አምጥቶልኝ ያውቃል። የተጻፈው በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያኔ ከተማው ውስጥ ነበሩ። በሚያዝያ ከተማውን ያዘ፣ ሊሬውንም አመጣ። ደብዳቤው ላይ ጣሊያን የሚል ቃል የለም፣ ጦርነት የሚል ቃል የለም። ያለው በቅሎ የሸጠ ሰው ለወንድሙ «በወረቀት ከሆነ አትሽጥ፣ በጠገራ ከሆነ ሽጥ፣ የድሮውንም አታውጣው» ብሎ የሰጠው ምክር ነው። ገዢው መንግሥት ይቆማል ወይስ ይወድቃል ለሚለው ጥያቄ የዚያ ሰው መልስ እዚያች መስመር ላይ አለ። ልጅ ልጁ ግን የፈለገው የቦታውን ወሰን ስለነበር ትንሽ ከፋው።

ከሁሉ የከበደኝ ወረቀት የቀይ መስቀል ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቆረጠ፤ ስልኩ ዳግም የተከፈተው በሐምሌ 2010 ነው። በመካከሉ በሁለቱ አገሮች የተለያዩ ቤተሰቦች የሚገናኙበት አንዱ መንገድ የቀይ መስቀል መልእክት ነበር። ወረቀቱ ክፍት ነው፣ ፖስታ የለውም፤ የሚፈቀደውም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የጤፍ ዋጋ መደርደርም ነገር ማጫር ይመስላል። ስለዚህ ወደ ቤቱ ውስጥ መግባት ነበረብን። «ጣሪያውን ቆርቆሮ ቀየርነው» ሲባል የላክኸው አልባከነም፣ አለን ማለት ነው። «ላሟን ለሠርጉ ሰጠናት» ሲባል ድግሱ ዕዳ ጥሎብናል ነው። «እህትህ ከእኔ ጋ ናት» ሲባል ባሏ ዘምቷል። ባለጉዳዮቹ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁበታል፤ የእኔ ድርሻ በጥቂት መስመር ውስጥ ማስገባት ብቻ ነበር።

ወደ ጂዳና ወደ ቤይሩት የሄዱት ልጆች ደግሞ ለጥቂት ዓመታት ካሴት አምጥተውብን ነበር። ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ፣ ቤተሰቡም ተሰብስቦ አልቅሶ ይሰማል። የእኔ ጠረጴዛ ያኔ ቀዘቀዘ። ግን ብር የተላከበት ካሴት ሲመጣ ብዙዎቹ ይዘውት ይመጡ ነበር፤ «እስቲ የብሩን ነገር ወረቀት ላይ አውርድልን» ይሉኛል። ድምፅ ለናፍቆት ይሆናል፣ ለሒሳብ ግን አይሆንም።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዙ፣ ኅዳር 27 ቀን የመንግሥት ጦር መልሶ እስኪገባ ድረስ፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መብራት የለም። ባንክ ብር ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ከተማው የቆየው በዱቤ ነው። ያን ጊዜ የተጻፉት የእኔን ሙያ የማይጠይቁ ብጣቂ ወረቀቶች ናቸው፤ ከሲጋራ ፓኮ ጀርባ፣ ከደብተር ቅዳጅ ላይ። አንዲት ጎረቤቴ ለባለ ሱቁ ከላከቻቸው አንዷን በኋላ አሳይቶኛል፦ «ልጄን ልኬአለሁ፣ 5 ኪሎ ዱቄት ስጥልኝ፣ መንገድ ሲከፈት እከፍላለሁ።» ቀን የለውም። የመክፈያው ቀን «መንገድ ሲከፈት» ነው። ሌላው «ስልክ ሲመጣ» ይላል፣ ሌላው «ባንክ ሲጀምር»። የጎንደሩ ሰው «በእገሌ ራስነት» ብሎ ቀን እንደቆረጠ ሁሉ፣ የቧንቧ ውሃ ሴትም የዕዳዋን ቀን በመንግሥት ጉዳይ ቆረጠችው። ባለ ሱቁ አብዛኛውን ዕዳ ሰብስቧል፤ የሞቱትን ወረቀት ግን ለብቻ አስቀምጧል፣ አልጠየቀበትም።

አሁን ብሩ በስልክ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከመቶ አለፈ፤ ውጭ ያለው ልጅም እናቱ የምትገዛው ዘይት ስንት እንደገባ ከምንዛሬው ጋር ማስላት ያዘ። ወሬው በኢሞና በዋትሳፕ ድምፅ ሆኖ ይመጣል፣ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲሞላ አብሮ ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ያም አልነበረም። የሚገርመው፣ በባንክ መተግበሪያው ላይ ገንዘብ ስትልክ «ምክንያት» የምትል ትንሽ ባዶ ቦታ አለች። ብዙ ሰው ነጥብ አድርጎ ያልፋታል። አንዳንዱ ግን «ለእማ መድኃኒት»፣ «ለቤት ኪራይ፣ የጨመሩት»፣ «ለመንገድ፣ ቶሎ ውጡ» ብሎ ይጽፍባታል። የኔ ሙያ እዚያች ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሰላምታው ቀርቷል፣ ተሸካሚውም ቀርቷል፤ ብሩና የአገሩ ሁኔታ ግን እንደተያያዙ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአሰብ፣ የአስመራ፣ የጂዳ፣ የአዲስ አበባ ደብዳቤ ያላችሁ፣ ቤት ስታጸዱ አትጣሉት። «ብር ላክልኝ ብቻ ነው የሚለው፣ ያሳፍራል» ብላችሁ አትቅደዱት፤ ዋናው እርሱ ነው። ፊትና ጀርባውን፣ ፖስታውንም ከነቴምብሩ ፎቶ አንሱት። የተጠቀሱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳያልፍ ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ። መስጠት የምትፈልጉ እዚሁ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አዲስ አበባ ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። ዛሬ ለምትጽፉትም ቀኑን ሙሉ ጻፉ፣ ጤፉም በሬውም ስንት እንደዋለ ጨምሩበት።